ቀኖና ምንድን ነው? ለኃጢአት የሚከፈል ዋጋ ነውን?

«ቀኖናዬን ጨርሻለሁ፤ ከእንግዲህ ዕዳ የለብኝም።» እንዲህ ያለውን አነጋገር በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ሰሞን እሰማዋለሁ። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ተናጋሪ ይህንኑ ይዞ ተነሣና፣ «ጸጋ በነጻ ነው፤ እነዚህ ግን ኃጢአትን በስግደት ያስከፍላሉ» አለ። ብዙ ሰውም ተቀባበለው። አማኙና ነቃፊው ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል፤ ሁለቱም ቀኖናን የዕዳ መክፈያ አድርገውታል። እኔን ይበልጥ የሚያሳዝነኝ የአማኙ ስሕተት ነው፤ ነቃፊው የያዘው ከእኛው አፍ የሰማውን ነውና።

ንስሐ ከሰባቱ ምሥጢራት አንዱ እንደሆነ፣ ካህን የሚያናዝዘውም ጌታ ለሐዋርያት በሰጠው ሥልጣን (ዮሐ. 20፥23) እንደሆነ አንባቢ ያውቃል ብዬ አልፈዋለሁ። ቀኖና ማለት ከኑዛዜ በኋላ የንስሐ አባት ለተነሳሒው የሚያዙለት ጾም፣ ጸሎት፣ ስግደት፣ ምጽዋት ነው። ሰው የሚሳሳተው ምን እንደሚታዘዝ ሳይሆን ለምን እንደሚታዘዝ ነው።

ኃጢአትን የሚያነጻ የክርስቶስ ደም ነው (1ኛ ዮሐ. 1፥7)። ለዚህ ደም ማሟያ የሚሆን የስግደት ብዛት የለም። ሺህ ጊዜ ቢሰገድ፣ ዳዊት በቀን ሁለት ጊዜ ቢደገም ጎደሎ የሚሞላለት ነገር የለም፤ ደሙ አልጎደለምና። በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ አንዲት ስግደት ሳይሰግድ «ዛሬ ከእኔ ጋር በገነት ትሆናለህ» ተባለ። ይህን የማያምን ካህን ቀኖና መስጠትም ባይጀምር ይሻላል።

ታዲያ ስግደቱ ለምን? እግሩ የተሰበረ ሰው እንውሰድ። ሐኪሙ አጥንቱን መልሶ ያስተካክልና በጀሶ ያስረዋል። ጊዜው ደርሶ ጀሶው ሲፈታ እግሩ ቀጥኖ፣ ጉልበቱ ደርቆ፣ ሰውየው መርገጥ ፈርቶ ይገኛል። ፊዚዮቴራፒ ይታዘዝለታል። ያማል፤ አንዳንዱ ያለቅሳል። ግን «ይህ ስለ መውደቅህ የምትከፍለው ነው» የሚል ሐኪም አይቼ አላውቅም። በሽተኛውም እንቅስቃሴውን ሲጨርስ «የስብራቴን ዋጋ ከፈልኩ» አይልም፤ መራመድ ቻልኩ ይላል። ደግሞም ክንዱ ለተሰበረ ሰው የእግር እንቅስቃሴ አይታዘዝም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚበጀው በሦስተኛው ወር አይበጅም። ከታዘዘው አብልጦ የሚሠራ ሰው እግሩን መልሶ ይጎዳል።

ቀኖናም እንዲሁ በደከመው ቦታ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰውን በማማት ለተያዘ ሰው ስግደት ብቻ ማዘዝ ብዙ ላይጠቅመው ይችላል። ያማትን ሴት በስሟ እየጠራ በየማታው አቡነ ዘበሰማያት እንዲደግምላት ቢታዘዝ ግን፣ ከጥቂት ቀን በኋላ ስሟን ለክፉ ማንሣት አፉን ይከብደዋል። እጁ መስጠት ለከበደው ሰው ምጽዋት፣ ሆዱ ለገዛው ጾም፣ ልቡ ለታበየው ደግሞ ግንባሩን መሬት ማስነካት። ጸጋው ይቅር ብሎ አንሥቶታል፤ አሁን መራመድ እየተማረ ነው። መንፈሳዊ ዕድገት የምንለው ይኸው ነው።

ተናጋሪው አንድ ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል፤ ሊመለስለትም ይገባል። «ክፍያ ካልሆነ፣ ካህኑ ‹እግዚአብሔር ይፍታህ› የሚሉት ለምን ብዙ ጊዜ ቀኖናው ካለቀ በኋላ ነው?» ብሏል። ልክ ነው፤ በእኛ ዘንድ የተለመደው ቅደም ተከተል ይኸው ነው። ተነሳሒው ይናዘዛል፣ ቀኖና ይቀበላል፣ ፈጽሞ ይመለሳል፣ የሥርየት ጸሎት ይደገምለታል፣ ከዚያ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። ሕዝቡን ያሳሳተውም ይህ ቅደም ተከተል ይመስለኛል። ነገር ግን ሐኪምም ክራንቹን ከመቀበሉ በፊት በሽተኛውን አራምዶ ያያል። አካሄዱን ሊያይ ነው እንጂ ሒሳብ ሊተሳሰብ አይደለም። የንስሐ አባትም ልጃቸው ሲመለስ የሚጠይቁት «ሆነልህ ወይ? ያ ነገር መልሶ ፈተነህ ወይ?» ብለው ነው።

በዚህ ላይ በ325 ዓ.ም. በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ አባቶች የወሰኑትን እንይ። በስደቱ ዘመን ማንም ሳያስገድዳቸው ለካዱ ሰዎች በ11ኛው ድንጋጌ ዓመታት የሚፈጅ ንስሐ ደነገጉ፤ 3 ዓመት ቃሉን እየሰሙ፣ 7 ዓመት እየሰገዱ፣ 2 ዓመት ደግሞ ሳይቆርቡ ከሕዝቡ ጋር እየጸለዩ። ይህን ብቻ ያነበበ ሰው ታሪፍ ነው ቢል አልፈርድበትም። ግን 12ኛውን ያንብብ። እዚያ ላይ ኤጲስ ቆጶሱ የንስሐውን ጠባይ እንዲመረምር ታዟል። በፍርሃት፣ በእንባ፣ በትዕግሥትና በበጎ ሥራ መመለሱን ያሳየውን ሰው ሊያቀልለት ይችላል፤ ወደ ቤተ ክርስቲያን መግባት ብቻ ይበቃኛል ብሎ ቸል ያለው ግን ጊዜውን ሙሉ ይፈጽማል። 13ኛው ደግሞ ሊሞት የተቃረበ ሰው ቀኖናው ባያልቅም ቅዱስ ቁርባን እንዳይከለከል ያዛል። ዋጋ ቢሆን ኖሮ ያለቀሰ ሰው አይቀነስለትም ነበር፤ የሚሞተውም ባለዕዳ ሆኖ ይሄድ ነበር።

የእኛ ሰው ግን ቁጥር ይወዳል። በስቅለት ማምሻ ፒያሳ አራዳ ጊዮርጊስ ወይም 4 ኪሎ ሥላሴ የቆመ ሰው ያውቀዋል። ከጠዋት ጀምሮ ሲሰግድ የዋለ ሕዝብ፣ ነጠላው ከጀርባው ተጣብቆ፣ የሱሪውና የቀሚሱ ጉልበት አቧራ ለብሶ፣ በካህኑ ፊት ጎንበስ ይላል። ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባውን ቸብ ቸብ አድርገው የሚሰግደውን ቁጥር ይነግሩታል። እጅግ የምወደው ሥርዓት ነው፤ ጌታ ስለ እኛ የተገረፈውን በጀርባችን ያስታውሰናል። ግን ከግቢው ሳይወጡ «አንተን ስንት አሉህ?» መባባሉ ይጀምራል። ብዙ የታዘዘው የባሰ ኃጢአተኛ፣ ትንሽ የታዘዘው የተሻለ ይመስላቸዋል። ካህኑ የማንንም ኃጢአት አልሰሙም እኮ! የስቅለት ጥብጣብ የኑዛዜ ምትክ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ የንስሐ አባቱን ሳያይ ከርሞ በዚያች ቅጠል ሁሉ ነገር እንዳለቀለት አስቦ የሚሄድ ሰው ራሱን ያታልላል።

ከሁሉ የከፋው ግን ቀኖና የሰውን መብት የሚተካ መምሰሉ ነው። የተከራዩን ቀብድ ያስቀረ አከራይ መቶ ጊዜ ቢሰግድ ቀብዱ ያው እጁ ላይ ነው። «ለሻይ» ካልተሰጠው ፋይሉን የማያንቀሳቅስ ሰው ዐርብ ረቡዕን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቢጾም፣ ያ ያጉላላው ባለጉዳይ ምን አገኘ? ዘኬዎስ ጌታን ከተቀበለ በኋላ ያለው «በሐሰት ከሰስሁ እንደ ሆነ አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ነው (ሉቃ. 19፥8)። ይቅርታን ለመግዛት አልመለሰም፤ ጌታ አስቀድሞ ቤቱ ገብቶ ነበርና። ይቅርታ ስላገኘ ነው የመለሰው። እኔ የሰው ገንዘብ ለያዘ የንስሐ ልጄ ስግደት ከመንገሬ በፊት «መቼ ትመልስለታለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። ገንዘቡ እጁ ላይ ከሌለም ጥቂት በጥቂት እንዲከፍል እንነጋገራለን።

ያነበባችሁትን ይዛችሁ በራሳችሁ ላይ ቀኖና አትዘዙ፤ ጓደኛችሁ የተቀበለውንም አትዋሱ። ስኳር ሕመም ያለበት ሰው መድኃኒት እንደሚወስድ፣ ነፍሰ ጡር ሴት እርጉዝ መሆኗን፣ የሌሊት ተረኛ ጥበቃም የሥራ ሰዓቱን ለንስሐ አባቱ አስቀድሞ ይንገር። ቀኖናው ይለወጣል፤ በጾም ፈንታ ጸሎት ወይም ምጽዋት ይሆናል። የከበደውም ሰው ዝም ብሎ ከሚያቋርጥና ከሚጠፋ «አባ፣ አልቻልኩም» ብሎ ይመለስ። ብዙ ሰው የሚጠፋብን በኃጢአቱ አፍሮ አይመስለኝም፤ ጀምሮ የተወው ቀኖና አሳፍሮት ነው።

ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባለው በሃምሳው ቀን ጾምም የንስሐ ስግደትም የለም፤ እሑድም አይሰገድም። ይህን ሰበብ አድርገው «ሃምሳው ይለፍና እመጣለሁ» የሚሉኝ አሉ። ለምን ይጠብቃሉ? ሃምሳው ውስጥ ለሚመጣ ሰው ጸሎት አለ፣ ምጽዋት አለ፣ የተጣሉትን መታረቅ አለ። ኑዛዜ ደግሞ የማይሰማበት ወር የለም።