ክሊኒካል ትራያል ምንድን ነው?

“ልጁን መሞከሪያ ሊያደርጉት ነው እኮ!” አሉኝ እማማ ብዬ የምጠራቸው ጎረቤታችን። ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና ይዘን ተቀምጠናል። አሜሪካ ያለው ወንድማቸው ደውሎ ነበር። ልጁ ሲክል ሴል አለበት፤ ሐኪሞቹ ክሊኒካል ትራያል ይግባ ወይ ብለው ጠይቀውታል። የእማማ ቡና እጃቸው ላይ እንዳለ ቀዘቀዘ።

ሲክል ሴል ከእናትም ከአባትም የሚወረስ የደም ሕመም ነው። ክብና ለስላሳ መሆን ያለበት ቀይ የደም ሴል እንደ ማጭድ ይጎብጥና ጠባብ የደም ሥር ላይ ሲደርስ ይሰነቀራል። ያኔ አጥንት ድረስ የሚዘልቅ ሕመም ይመጣል።

ክሊኒካል ትራያል ደግሞ አንድ ሕክምና በእርግጥ ይጠቅም እንደሆነ፣ ጉዳቱስ ምን እንደሆነ በፈቃደኛ ሰዎች ላይ በሥርዓት የሚጠናበት መንገድ ነው። መጀመሪያ በጥቂት ሰዎች ደኅንነቱ ይታያል፤ ከዚያ ቁጥሩ ይሰፋል። ሃይድሮክሲዩሪያ የተባለው የሲክል ሴል መድኃኒት አሜሪካና ካናዳ ውስጥ በ299 አዋቂዎች ተፈትኗል። በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ግማሾቹ መልኩ እሱን የሚመስል ባዶ እንክብል ወሰዱ። ማን የቱን እንደሚውጥ ታካሚውም ሐኪሙም አያውቅም። ሕመሙ በግማሽ ያህል ስለቀነሰ ጥናቱ ከታሰበለት ጊዜ በፊት ቆመ። ውጤቱ የታተመው በ1995 እ.ኤ.አ. ነው።

ግን ያ ጥናት ወባን አያውቃትም። እኛ የጣና ዳር ሰዎች እናውቃታለን፤ ክረምቱ ሲወጣ የማን ቤት እንደምትገባ አይታወቅም። መድኃኒቱ ወባ ባለበት አገር ላለ ሕፃን ይበጃል ወይስ ያባብስበታል? ይህን ለማወቅ አንጎላ፣ ዴሞክራቲክ ኮንጎ፣ ኬንያና ኡጋንዳ ውስጥ 606 ሕፃናት ወሰዱት። ሕመሙ ከግማሽ በላይ ቀነሰ። ያቺ የተፈራችው ወባም በግማሽ ያህል ቀነሰች! ትራያል እኛ ዘንድም መደረግ አለበት የምለው ለዚህ ነው። የሌላ አገር ውጤት ብቻውን አይበቃንም።

“እምቢ ቢልስ?” አሉኝ እማማ።

ይችላል። ጥቅሙም ጉዳቱም በሚገባው ቋንቋ ተነግሮት ነው የሚፈረመው። ለልጅ ወላጅ ይፈርማል፤ ነፍስ ያወቀ ልጅ ራሱም ይጠየቃል። ከተፈረመ በኋላም በፈለጉት ቀን መውጣት ይቻላል፤ መደበኛ ሕክምናው አይቀርም።

እማማ ስልካቸውን አውጥተው ለወንድማቸው ድምፅ ቀዱለት። “መድኃኒቱ በፊት በስንት ሰው ታየ በላቸው። አንድ ነገር ቢሆን ማን ያሳክመዋል በላቸው። ልጁንም ራሱን ጠይቀው።”