ከቀለሙ ይልቅ ፍጥነቱን ማንበብ

ካታሊቲክ ስፔክትሮፎቶሜትሪ (በጣም ጥቂት የሆነን ብረት ኬሚካዊ ለውጥን በሚያፋጥንበት ልክ፣ በሚመጠጥ ብርሃን አማካይነት የመለኪያ ዘዴ) የሚለውን ስም የሰማ ሰው መሣሪያው ብረታ ብረቱን በቀጥታ አይቶ የሚለካ ይመስለዋል። አይደለም። በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ያለ ጥቂት ማይክሮግራም ማንጋኒዝ ብርሃን መጥጦ ራሱን የሚያሳውቅበት አቅም የለውም።

የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ማላካይት ግሪን የተባለው ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም ቀለሙን ከሚያፈርሰው ፐርአዮዴት ከተባለ ኬሚካል ጋር ሲቀላቀል በዝግታ ይደበዝዛል፤ ማንጋኒዝ ጠብ ሲልበት ግን መክሰሙ ይፈጥናል። ማንጋኒዙ ካታሊስት፣ ማለትም ኬሚካዊ ለውጥን አፋጣኝ፣ ስለሆነ በሥራው አያልቅም፤ አንዱን የቀለም ሞለኪውል ጨርሶ ወደ ሌላው ያልፋል። የዘዴው ጉልበት ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው በ615 ናኖሜትር አካባቢ የሚመጠጠውን ብርሃን ይከታተላል፤ የሚመጠጠው ብርሃን መጠን ቶሎ ካሽቆለቆለ ማንጋኒዙ በዝቷል ማለት ነው።

ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው የመጨረሻውን ቀለም ሲያነብ ነው። ቆይቶ ቆይቶ ቀለሙ ያለ ማንጋኒዝም ይደበዝዛል! ስለዚህ ጊዜው፣ ሙቀቱና አሲድነቱ ተወስነው፣ ማንጋኒዝ የሌለበት ናሙናም ጎን ለጎን መለካት አለበት። በደንብ ያልታጠበ ብርጭቆ ብቻውን ውጤቱን ሊያበላሽ ይችላል።