«የእረፍት ሰዓት» ማለት «ግድ ይተኛ» ማለት አይደለም

ደብረ ብርሃን ውስጥ ልጃቸውን ማቆያ የሚያውሉ እናቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ። «ፕሮግራሙ ላይ ከምሳ በኋላ ‹የእረፍት ሰዓት› ይላል። ልጄ ባይተኛስ?»

ባይተኛ ችግር የለውም። እረፍት ማለት ጋደም ብሎ ጸጥ ማለት ነው። እንቅልፍ ካልመጣለት ትንሽ ቆይቶ መጽሐፍ ወይም አሻንጉሊት ይሰጠዋል። «ጅብ መጣ» እያሉ ማስፈራራት ግን እንቅልፍን ቅጣት ያደርግበታል። የዓለም ጤና ድርጅት ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጆች በ24 ሰዓት ውስጥ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል። የቀኑም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ሌሊቱን የጠገበ ልጅ ቀን እምቢ ቢል አይገርምም።

ጠበቅ ያለው ደንብ 1 ዓመት ላልሞላቸው ነው። በጀርባቸው፣ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ፣ ያለ ትራስ ይተኛሉ። ፊታቸው አይሸፈንም። እዚህ ላይ ከአያቶች ጋር እንጋጫለን። የኛ አገር ብርድ ቀላል አይደለም፤ ጋቢ ደርቦ፣ የመንዝ ባና ጭኖ፣ ፊቱን ሸፍኖ ማስተኛት የለመድነው ፍቅር ነው። ግን ጨርቁ አፍንጫው ላይ ቢወድቅ ጨቅላው ገፍቶ አያነሳውም፤ ሊታፈን ይችላል። ብርዱን በሚለብሰው ልብስ ተከላከሉለት፤ ሹራብና ካልሲ ይበቃል።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ክፍሉ በከሰል እንዳይሞቅ ጠይቁ። የከሰል ጋዝ አይታይም፣ አይሸትም፤ የተኛ ልጅ ደግሞ አይነቃም።