ሆኽሎማ፦ ወርቅ የሌለበት የወርቅ ዕቃ

ሆኽሎማ በሩሲያ፣ ከቮልጋ ወንዝ በስተግራ ባለው የኒዥኒ ኖቭጎሮድ ክፍለ ሀገር፣ በእንጨት የቤት ዕቃ ላይ በእጅ የሚሣል የጌጥ ሥዕል ነው። ሳህን፣ ማንኪያ፣ ጽዋ፣ የጨው ማስቀመጫ፣ የልጆች ወንበርና ጠረጴዛ ሳይቀር ቀይ፣ ጥቁርና ወርቃማ ሆኖ ያሸበርቃል። አንድ ቅንጣት ወርቅ ግን የለበትም።

በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ሶቪየት ኅብረት የሄዱ ኢትዮጵያውያን ሲመለሱ ከሻንጣቸው ከሚወጡት ስጦታዎች አንዱ ይህ ማንኪያ ነበር። አንዳንድ ቤት ዛሬም ከማትሪዮሽካ አሻንጉሊት ጎን ቡፌ ላይ ተደርድሮ ይታያል። ያየው ሁሉ ለጌጥ የተሠራ ይመስለዋል፤ ነገር ግን መጀመሪያ የተሠራው ለሾርባ ነው። ሆኽሎማ በዋናነት የባለጠጋ ዕቃ አልነበረም። ገበሬው ከገበያ በርካሽ ገዝቶ፣ በልቶበት፣ ሲሰበር የሚጥለው ዕቃ ነበር። መልኩን የሰጡትም ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ርካሽ መሆን ስለነበረበት፣ ሁለተኛው እሳት ውስጥ ማለፍ ስለነበረበት ነው። ሥዕሉን ብቻ አይቶ እሳቱን የረሳ ሰው ሆኽሎማን ግማሹን ብቻ ነው ያየው።

ስሙ የመጣው ከገበያ ነው። ሆኽሎማ በኮቨርኒኖ ወረዳ ያለ መንደር ሲሆን በዙሪያው ያሉ መንደሮች የሠሩትን ዕቃ የሚያወጡት እዚያ ስለነበር የሸጠው መንደር ስም ለሠሩት መንደሮች ሥራ ተረፈ። ሙያው በአካባቢው መንደሮች ተከፋፍሎ ነበር። አንዱ መንደር ሳህን ይፈለፍላል፣ ሌላው ማንኪያ ይጠርባል፤ በኡዞላ ወንዝ ዳር እንዳለው እንደ ሴሚኖ ያሉት ደግሞ ያልተቀባውን «ነጭ» ዕቃ ገዝተው ይቀባሉ። የሴሚዮኖቭ ከተማ በማንኪያዋ የታወቀች ነበረች። ከሆኽሎማ ገበያ የተነሣው ዕቃ በቮልጋ ዳር ወደነበረው ወደ ታላቁ የማካርዬቭ ዓመታዊ ገበያ ይሄዳል፤ ይህ ገበያ በ1816 እ.ኤ.አ. ተቃጥሎ በማግስቱ ዓመት ወደ ኒዥኒ ኖቭጎሮድ ሲዛወር የእንጨት ዕቃውም አብሮት ሄደ። ከዚያ ነጋዴው እስከ መካከለኛው እስያ ያደርሰዋል።

አጀማመሩ ከ17ኛው መቶ ዓመት የቤተ ክርስቲያን ጭቅጭቅ ጋር የተያያዘ እንደሆነ ይታመናል። የሩሲያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ኒኮን በ1650ዎቹ የጸሎት መጻሕፍትንና ሥርዓትን ሲያሻሽል አልቀበልም ያለው ሕዝብ ብዙ ነበር። ከ1666 እስከ 1667 የተቀመጠው ጉባኤ እነዚህን ሰዎች ሲያወግዝ ብዙዎቹ ወደ ቮልጋ ማዶ ጫካ ሸሹ፤ በኬርዤኔትስ ወንዝ ዙሪያ ያለው ደን ዋና መሸሸጊያቸው ሆነ። ከሸሹት መካከል ቅዱሳት ሥዕላትን የሚሥሉና መጻሕፍትን በሐረግ የሚያስጌጡ ሰዎች ነበሩ። ሥዕል ሠሪዎቹ አንድ ነገር ያውቃሉ። ወርቅ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ሥዕሉን በብር ቅጠል ይለብጡና በላዩ የዘይት ቫርኒሽ ቀብተው ያሞቁታል፤ ቫርኒሹ በሙቀት እንደ ማር ቢጫ ሲሆን ከሥር ያለው ብር ወርቅ ሆኖ ይታያል። ይኸው ዘዴ ወደ ሳህኑ ወረደ። በብሩ ፈንታም ከጊዜ በኋላ ቲን የሚባለው ርካሽ ብርማ ብረት ገባ።

ሕዝቡ ግን ታሪኩን በአንድ ሰው ነው የሚተርከው። በአፈ ታሪኩ አንድሬይ ሎስኩት የሚባል ሥዕል ሠሪ ከሞስኮ ሸሽቶ በጫካው ውስጥ ጎጆ ይቀልሳል፤ የእንጨት ሳህን እየቀባ ለገበሬዎች ይሰጣል። ዝናው ቤተ መንግሥት ደርሶ ወታደሮች ሲመጡበት ሙያውን ለመንደርተኛው አደራ ብሎ ከነጎጆው ይቃጠላል። የሞቱን እሳትና የእቶኑን እሳት አንድ ያደረገ ጥሩ ተረት ነው፤ ታሪክ ነው ብሎ የሚሟገትለት ግን ብዙ አይገኝም።

ከነጭ እንጨት እስከ እቶን

እንጨቱ በአብዛኛው ሩሲያውያን ሊፓ የሚሉት ነው፤ ለስላሳ፣ ቀላል፣ ለቢላ የሚመች። በደንብ እስኪደርቅ ይቀመጥና ሳህኑ በቶርኖ ይወጣል፤ ማንኪያው በመጥረቢያና በቢላ ይጠረባል። የደረቀውን ዕቃ መጀመሪያ በቀጭኑ የተበጠበጠ ቀይ የሸክላ አፈር ይቀቡታል፤ ቫፓ ይባላል። ግድግዳ ቀቢ ከቀለም በፊት ስቱኮ እንደሚለቀልቀው ቫፓም የእንጨቱን ቀዳዳ ይደፍናል፤ አለዚያ እንጨቱ ቀጥሎ የሚመጣውን ዘይት ሁሉ ይመጠዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የተልባ ዘይት ነው። እኛ ለጾም ወጥ የምናስበው ተልባ እዚያ የሥዕል ቤት አስቤዛ ነው። ዘይቱ ተፈልቶ እየወፈረ በተደጋጋሚ ይቀባል፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው አይደገምም። የመጨረሻው ግን ሙሉ በሙሉ አይደርቅም። እዚህ ላይ የሠራተኛው ጣት ነው የሚፈርደው። ዕቃውን ነካ ሲያደርገው ጣቱ ላይ መጣበቅ አለበት፤ ነገር ግን ሲያነሣው ምልክት መቅረት የለበትም። ያ ጊዜ ካለፈ ዱቄቱ አይይዝም፤ ካልደረሰ ዱቄቱ ዘይቱ ውስጥ ሰጥሞ ይደበዝዛል።

ዱቄቱ ጥንት ቲን ነበር፤ በ20ኛው መቶ ዓመት ርካሹና ቀላሉ አሉሚኒየም ተካው። በበግ ለምድ ቁራጭ እየተነከረ በዕቃው ላይ ይታሻል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያ ቡናማ የሸክላ መልክ የነበረው ሳህን ከብረት የተቀረጸ መስሎ እንደ መስታወት ያብረቀርቃል። ሥዕሉ የሚሣለው በዚህ ብርማ ገጽ ላይ ነው፤ ሠዓሊዋ ወርቁን ሳታየው ትሠራለች ማለት ነው።

ሥዕሉ ሲያልቅ ቫርኒሽ ይመጣል፤ 4 ወይም 5 ጊዜ ይቀባል፣ በየመካከሉ ይደርቃል። በመጨረሻ ዕቃው ከ150 እስከ 160 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚሞቅ እቶን ውስጥ ከ3 እስከ 4 ሰዓት ይቆያል። ድሮ ይህ የሚሠራው በቤቱ ምድጃ ነበር፤ የሙቀት መለኪያው ዓይንና ልምድ ብቻ። ቫርኒሹ ወርቃማ ሲሆን ብሩ ወርቅ ይሆናል፣ ቀዩም ይደምቃል፣ ጥቁሩም ይጠልቃል። የወጣው ዕቃ ትኩስ ሾርባ ቢያቀርቡበት አይላጥም፤ ገበሬው የገዛውም ለዚሁ ነው።

የቀለሙ ቁጥር ለምን ጥቂት እንደሆነም ከዚህ ይገባል። ለዚህን ያህል ሙቀት የማይበገር ቀለም ጥቂት ነው፤ ቀዩ ሲናባር ከሚባል ቀይ ማዕድን፣ ጥቁሩ ከጥላሸት፣ ጥቂት አረንጓዴና ቢጫ፣ አንዳንዴም ቡናማ። ነጭና ፈዛዛ ቀለም ቫርኒሹ ሥር ገብቶ ሲጋገር ቢጫ ይሆናል። ብዙ ጽሑፍ ቀይና ጥቁሩን በምሳሌያዊ ትርጉም ያብራራል፤ ቀዩ ውበት ነው፣ ጥቁሩ ምድር ነው እያለ። ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከትርጓሜው በፊት እቶኑ መርጧቸው ነበር።

ለማነጻጸር ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በዚያው ክፍለ ሀገር፣ በቮልጋ ዳር ባለችው በጎሮዴትስ ከተማ አካባቢ ሌላ የሥዕል ሙያ አለ። በፈትል እንዝርት መቀመጫ ሰሌዳ ተጀምሮ ወደ ሣጥን፣ ወንበርና የቁም ሣጥን የተሻገረ ነው። ፈረሰኛው፣ ጽጌረዳው፣ ሻይ የሚጠጡት ወይዛዝርት ሮዝ፣ ሰማያዊና ነጭ ለብሰዋል፤ በመጨረሻም አበባው ሁሉ በነጭ ቀለም ጫፍ ጫፉ ይነካል። የጎሮዴትስ ዕቃ እሳት ውስጥ አይገባምና የፈለገውን ቀለም ይመርጣል።

ሣሩና ኩርባው

ሠዓሊዋ ዕቃውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ በአንድ እጇ እያዞረች በሌላው ትሥላለች፤ ዛሬ አብዛኞቹ ሠዓሊዎች ሴቶች ናቸው። እርሳስ የሚባል ነገር የለም፤ ንድፉ ከብሩሹ ጋር ነው የሚወጣው። ብሩሹ ከሽኮኮ ጭራ የተሠራ፣ ጫፉ እንደ መርፌ የሾለ ነው። ጫፉ ሲነካ ፀጉር የመሰለ መስመር ይወጣል፣ ሲጫኑት ይሰፋል፣ ሲያነሡት እንደገና ይቀጥናል፤ አንድ የሣር ቅጠል በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ከተሳሳተ የሚደለዝበት መንገድ ስለሌለ እጅ ማመንታት አይፈቀድለትም።

ይህ ከሁሉ ጥንታዊው የሆነው «ሣር» የሚባለው ሥዕል ነው። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ጎባጣ ግንድ ይሰመራል፤ ከዚያ ሥስ ሣሮች፣ ጠብታዎች፣ ጺም የመሰሉ ሐረጎች፣ ጥቅልሎች ይከተሉታል። በሳህን መሃል ደግሞ አራት ማዕዘን ወይም ክብ ምልክት ይቀመጥና ሣሩ ከዙሪያው ይበቅላል። ሌላው ዓይነት ቅጠልና ፍሬ ያለበት ሲሆን እንጆሪና ቀያይ የጫካ ፍሬዎች ይበዙበታል። ፍሬውን ለማተም ከደረቀ የእንጉዳይ ዓይነት ወይም ከተጠቀለለ ጨርቅ የተሠራ ትንሽ ማኅተም ይጠቀማሉ፤ ቀለም ነክሮ ነካ ማድረግ ነው። በዚህ ፍጥነት አንዲት ሠዓሊ በቀን ብዙ ማንኪያ ትጨርሳለች፤ ዕቃው ርካሽ ሊሆን የቻለውም በዚህ ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ በወርቁ ላይ የሚሣል ነው። ሁለተኛው መንገድ የተገላቢጦሽ ነው፤ ሠዓሊዋ የአበባውን ዳር ትሰምርና ውጭውን በጥቁር ወይም በቀይ ትሞላዋለች፤ አበባው ራሱ ሳይነካ ይቀርና እቶን ሲገባ እሱ ወርቅ ሆኖ ይወጣል። ከዚህ ወገን የሆነው «ኩድሪና» የተባለው ሥዕል ግዙፍ የወርቅ ኩርባዎችና አበቦች ዕቃውን ሞልተው የሚጠማዘዙበት ነው። ጊዜ ይወስዳል፣ ዋጋውም ይጨምራል። ለእኔ ግን ሣሩ ይበልጣል። ኩድሪና ያስደንቃል፤ ሣሩ ግን የእጁን ፍጥነት እስከ ዛሬ ይዞ ይታያል።

ከውድቀት እስከ ፋብሪካ

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ሙያው ተንገዳግዶ ነበር። ከፋብሪካ የሚወጣው የብረትና የሸክላ ሳህን ዋጋ ወርዶ ገበሬው ቤት ገባ። በዚህ ወቅት በ1889 በፓሪስ በተካሄደው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ መቅረቡ የውጭ ገበያ ከፈተለት። የአካባቢው አስተዳደርም ሠዓሊዎችን ከከተማ እያመጣ ንድፍ ያስወጣ ጀመር፤ የተማሩት ሠዓሊዎች ያመጡት የተወሳሰበ ጥንታዊ መሳይ ጌጥ ግን ከመንደሩ ፈጣን እጅ ጋር ብዙም አልተስማማም። በ1916 በሴሚዮኖቭ የእንጨት ጥበብ ትምህርት ቤት ሲከፈት ነገሩ መልክ ያዘ፤ መሪው ጌኦርጊ ማትቬዬቭ ነበር። በኮቨርኒኖ በኩል ደግሞ እንደ ስቴፓን ዩዚኮቭና ፊዮዶር ቤዲን ያሉ አንጋፋዎች የመንደሩን ሣር ለተከታዩ ትውልድ አሻገሩ።

በሶቪየት ዘመን ግለሰብ ቀቢዎች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተሰባሰቡ፤ ማኅበራቱም ወደ ፋብሪካ አደጉ። ከዚያ ወዲህ ሁለት ማዕከል አለ። አንዱ የሴሚዮኖቭ ከተማ ሲሆን ትልልቅ አበባና ኩድሪና ያዘወትራል፤ ሌላው በኮቨርኒኖ ወረዳ ያለው ሴሚኖ ነው፤ ወደ ሣሩና ወደ ጫካ ፍሬው ያደላል። የሩሲያ መዋዕለ ሕፃናት ያደገ ሰው በሆኽሎማ የተሣለች ትንሽ ጠረጴዛና ወንበር ሳያስታውስ አይቀርም፤ ሙያው ወደ ቤት ዕቃ የገባበት አንዱ መንገድ እሱ ነው። በ2014 የሶቺ የክረምት ኦሊምፒክ መለያ ጌጥ ከ16 የአገሪቱ የእደ ጥበብ ንድፎች ሲገጣጠም ሆኽሎማ አንዱ ነበር።

ዝናው ግን ጣጣም አምጥቷል። ሥዕሉ ለመቅዳት ቀላል ስለሆነ በፕላስቲክ ትሪ፣ በስልክ ሽፋን፣ በካልሲ ላይ ሳይቀር ታትሞ ይሸጣል። በእንጨት ላይ የሚሠራው አስመሳይም ብዙ ነው፤ ወርቃማ ቀለም ከጣሳ ተቀድቶ ይቀባና በላዩ ቀይ ፍሬ ይሣልበታል፤ እቶን የሚባል ነገር አያውቀውም። መለየቱ አይከብድም። የእውነተኛው ወርቅ ከቫርኒሹ ሥር ነው የሚያበራው፤ ብርሃን ላይ ቢያዘነብሉት ጥልቀት አለው፣ ቀለሙም ለጣት አይሻክርም። አስመሳዩ ወርቁ ከላይ ስለሆነ ደብዛዛና ዱቄት መሳይ ነው። በእጅ የተሣሉ ሁለት ማንኪያዎች ደግሞ ፍጹም አይመሳሰሉም፤ የሣሩ አቅጣጫ የግድ ይለያያል፤ ስድስት ማንኪያ ቁርጥ አንድ ዓይነት ከሆኑ ማሽን ነው ያተማቸው።

ዕቃው ቤት ያለው ሰው ሊበላበት ይችላል። ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ስፖንጅ ታጥቦ ወዲያው ይደርቅ፤ ውኃ ውስጥ ተዘፍዝፎ ማደር የለበትም፤ እንጨቱ ካበጠ ቫርኒሹ ይሰነጠቃልና። በሽቦ መፈተግ ወርቁን ይገፈዋል። ማይክሮዌቭ ውስጥ ጨርሶ አይገባም፤ ከሥዕሉ ሥር ያለው የብረት ዱቄት ነው።