ከቤት የማትወጣ ድመት እና የክትባት ጣጣ

ድመቷ ከሐኪም ቤት ስትመለስ ከሳጥኗ ወጥታ በቀጥታ አልጋ ስር ትገባለች። የምትሞትለትን ቱና ቢያቀርቡላትም አሽትታ ትተወዋለች። ጆሮዋን ሲነኩት ይሞቃል። የተወጋችበትን እግር መርገጥ አትፈልግም። ባለቤቷ ሌሊቱን ስልኩ ላይ «ክትባት ድመት ይገድላል ወይ?» እያለ ሲፈልግ ያድራል። በማግስቱ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ግን እንደ ወትሮዋ ፊቱን በእግሯ እየነካካች ቁርሷን ትጠይቃለች።

ድመት ከተከተበች በኋላ የሚታየው ነገር ባብዛኛው ይኸው ነው። ክትባት ሰውነትን «ጠላት መጣ» ብሎ ያስነሳል። ስለዚህ ድካሙም፣ ትኩሳቱም፣ የምግብ ፍላጎት ማጣቱም የሥራው አካል ነው። አንድ ቀን፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ የሚያልፉ ጣጣዎችም ግን አሉ። ጥቂት ናቸው። ከእነሱ አንዱ የድመት ሐኪሞች መርፌ የሚወጉበትን ቦታ ሳይቀር አስቀይሯል።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንይ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ በ329 የእንስሳት ሆስፒታሎች ከ2002 እስከ 2005 የተከተቡ 496,189 ድመቶች መዝገብ ተመርምሮ ውጤቱ በ2007 ታትሟል። በተከተቡ በ30 ቀን ውስጥ አንድ ዓይነት ችግር የተመዘገበባቸው 2,560 ነበሩ። ከ10,000 ድመት ወደ 52 ገደማ ማለት ነው። ከእነዚህ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ችግራቸው መፍዘዝና መድከም ነበር። ሩብ ያህሉ የተወጉበት ቦታ አብጦ ወይም አሟቸው ነበር። ያስታወኩት ከአሥር አንድ ገደማ ናቸው። ፊታቸው ያበጠ ደግሞ ከዚያም ያንሳሉ።

እውነተኛው ቁጥር ከዚህ ከፍ እንደሚል መገመት አይከብድም። ድመቷ አንድ ቀን ተኝታ ዋለች ብሎ ሐኪም ቤት የሚደውል ስንት ሰው አለ? ከጥናቱ የሚጠቅመን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ቀጠሮ የሚሰጠው የክትባት ብዛት ሲጨምር ችግር የመከሰት ዕድሉም አብሮ ይጨምራል። አንድ ዓመት አካባቢ ያሉ ወጣት ድመቶችም ከሌሎቹ ይበልጥ ይታይባቸዋል። ስለዚህ ባለፈው ጊዜ ክትባቱ ክፉኛ የጣላት ድመት ካለች፣ ሁሉን በአንድ ቀን ከመጨረስ በሁለት ቀጠሮ እንዲከፈልላት መጠየቅ ነውር የለውም። የሳጥኑን ትግል ሁለት ጊዜ ማየት ግን ግድ ነው።

አንዳንዱ ምልክት ከክትባቱ ዓይነት ጋር ይያያዛል። በአፍንጫ የሚንጠባጠበው ክትባት ለጥቂት ቀን ያስነጥሳል። ካሊሲ የሚባለው የድመት ጉንፋን ቫይረስ ያለበት ክትባት ግልገሎችን አንዳንዴ ትኩሳት ይዞ ያነክሳቸዋል፤ በቀናት ውስጥ ይለቃቸዋል። ያልሞተ ግን የተዳከመ የፓንሊውኮፔኒያ (ድመትን የሚገድል የአንጀት በሽታ) ቫይረስ ያለበት ክትባት ደግሞ ለእርጉዝ ድመትም ሆነ አራት ሳምንት ላልሞላው ግልገል አይሰጥም። ቫይረሱ ገና በማደግ ላይ ያለውን የትንሽ አንጎል ክፍል ስለሚጎዳ ግልገሉ ዕድሜ ልኩን እየተንገዳገደ ይራመዳል።

ወዲያው የሚያስሮጠው አናፊላክሲስ የሚባለው ከባድ አለርጂ ነው። መርፌው በተወጋ በደቂቃዎች፣ አንዳንዴም በሰዓታት ውስጥ ይመጣል። ውሻ እንዲህ ሲሆን ብዙ ጊዜ ቆዳው ይነፋፋል፣ ፊቱ ያብጣል። ድመት ላይ ግን ጉዳቱ ሳንባና አንጀት ላይ ይበረታል። ፊቷን በእግሯ ትፎክታለች፣ ታስታውካለች፣ ያስቀምጣታል፣ ከዚያ አፏን ከፍታ መተንፈስ ትጀምራለች። አፍ ከፍቶ ማለክለክ ለውሻ የዘወትር ነገር ነው። በድመት ላይ ሲታይ ግን ቀልድ አይደለም። ድዷ ነጣ ካለ የደም ግፊቷ እየወረደ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ አድሬናሊን፣ ኦክስጅንና በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ ነው፤ ይኼ ደግሞ ቤት ውስጥ የለም። ለዚህ ነው ከተከተበች በኋላ ሃያ ሠላሳ ደቂቃ እዚያው ተራ መጠበቂያው ወንበር ላይ ቁጭ ማለት ጥሩ የሚሆነው። ቀጠሮውም አርብ ማታ ሐኪሙ ሊዘጋ ሲል ባይሆን ይመረጣል። በጣም አልፎ አልፎ የሚከሰት ነገር ነው፤ ሲከሰት ግን ሰዓት አይሰጥም።

አሁን ወደ ትልቁ ታሪክ እንምጣ። በ1980ዎቹ አጋማሽ አሜሪካ ውስጥ ለድመት ሁለት አዳዲስ ነገሮች መጡ። የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያው በተገደለ ቫይረስ የሚሠራ ሆነ። በቫይረስ የሚመጣው የድመት ሉኪሚያ ክትባትም ገበያ ላይ ዋለ። የተገደለ ቫይረስ ብቻውን ሰውነትን በደንብ ስለማይቀሰቅስ፣ ብዙዎቹ ላይ አድጁቫንት የሚባል ማጠናከሪያ ይጨመርባቸዋል። እሱም ብዙ ጊዜ የአልሙኒየም ውህድ ነው። በ1987 ደግሞ ፔንስልቬንያ ድመቶች ሁሉ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት እንዲወስዱ በሕግ አስገደደች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ፓቶሎጂስቶች ጠረጴዛ ላይ ግራ የሚያጋባ ነገር ይከማች ጀመር። ከድመቶች ማጅራትና ትከሻ መሃል ተቆርጦ የሚመጣ ካንሰር በዛ። በአጉሊ መነጽር ሲያዩት ዕጢው ዙሪያ ያበጠ ሥጋ አለ። እዚያ ባሉት ሕዋሳት ውስጥ ደግሞ ግራጫ ቡናማ ብናኝ ተቀምጧል። ሲመረመር ከውስጡ አልሙኒየም ተገኘ። ማቲ ሄንድሪክ እና ማይክል ጎልድሽሚት በ1991 በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ በአጭር ደብዳቤ ጥያቄውን አነሱት፤ መርፌ የተወጋበት ቦታ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ወይ የሚል።

በ1993 የወጣ ጥናት ጥርጣሬውን አጠናከረው። እዚያው አንድ ቦታ ላይ የተወጋው ክትባት በበዛ ቁጥር አደጋው ይጨምራል። በ1996 የሐኪሞቹ ማኅበራት ተባብረው ጉዳዩን የሚያጠና ግብረ ኃይል አቋቋሙ። ዛሬ በሽታው በመርፌ ቦታ የሚወጣ ሳርኮማ (የሥጋ ካንሰር) ይባላል። «የክትባት ሳርኮማ» የሚለው ስም የቀረበት ምክንያት አለው። ሰውነት ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆዩ ሌሎች መርፌዎችም አልፎ አልፎ ያንኑ አምጥተዋል። የድመት ሥጋ ሥር የሰደደ ብግነትን አይችለውም ተብሎ ይታሰባል፤ አንዳንዷ ድመት ላይ ቁስል የሚጠግኑት ሕዋሳት ሥራቸውን ማቆም ያቅታቸውና ወደ ካንሰር ያልፋሉ። በተፈጥሮ የተጋለጡ ድመቶች ሳይኖሩ አይቀርም፤ ያው መርፌ ሚሊዮኖችን ምንም አላደረገምና።

ምን ያህል ጊዜ ይከሰታል? ቁጥሩ ከጥናት ጥናት ይለያያል። ባብዛኛው የሚጠቀሰው ከ10,000 ድመት አንድ አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ነው። የሚያስቸግረው ጊዜው ነው። ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል፤ ከዓመታት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ካንሰሩ እንደ ሸረሪት እግር በጡንቻው መሃል ስለሚሰራጭ የሚታየውን እብጠት ብቻ ቆርጦ ማውጣት አይበቃም። በመልካም ቀዶ ሕክምና ዙሪያውን እስከ አምስት ሴንቲሜትር የሚደርስ ጤነኛ ሥጋ አብሮ ይነሳል። በትከሻ መሃል፣ አከርካሪ አጠገብ ይህን ማድረግ እንዴት ይቻላል?

እግር የተመረጠው በዚህ ምክንያት ነው። በአሜሪካ ልማዱ እንዲህ ሆነ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በኋላ ቀኝ እግር፣ የሉኪሚያው በኋላ ግራ እግር፣ የቀሩት በፊት ቀኝ እግር፤ ሁሉም ከጉልበትና ከክርን በታች። ነገሩን ፊት ለፊት ለመናገር፣ ሐኪሙ ቦታውን የሚመርጠው ካንሰር ቢመጣ የሚቆረጥ እግር እንዲሆን ነው። ሲሰሙት ይዘገንናል። ግን በሦስት እግሯ ሶፋ ላይ የምትዘል ድመት ያየ ሰው ስሌቱ ይገባዋል። ኋላ ደግሞ ጭራ ላይ መከተብም እንደሚቻል የሚያሳይ ጥናት በ2013 ወጣ። ድመቶቹም ከተጠበቀው በላይ ቻሉት።

እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም። ከክትባት በኋላ እንደ ሽምብራ ፍሬ ያለች ጠጣር ነገር ከቆዳ ስር መገኘቷ የተለመደ ነው፤ በሳምንታት ውስጥ ትሟሟለች። ሐኪሞቹ የሚይዙት ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ የሚል መለኪያ አላቸው። ከሦስት ወር በኋላም ካልጠፋች፣ ወይም ከሁለት ሴንቲሜትር ከበለጠች፣ ወይም ከተከተበች አንድ ወር አልፎም ማደጓን ካላቆመች፣ ናሙና ተወስዶ ይመርመር። ከሦስቱ አንዱ ይበቃል። «ዝም ብለን እንያት» የሚለው ምክር እዚህ ላይ አይሠራም።

ከካንሰሩ ታሪክ በኋላ አድጁቫንት የሌላቸው ክትባቶችም መጡ። አንዱ ዘዴ ድመትን የማያሳምም የካናሪ ወፍ ፈንጣጣ ቫይረስን ተሸካሚ አድርጎ ይጠቀማል። ፒዩርቫክስ በሚል ስም የሚሸጡት ከእነዚህ ናቸው። አደጋው በእነሱ ያንሳል የሚያሰኝ ማስረጃ አለ። ፈጽሞ የለም የሚል ሐኪም ግን ልጠራጠረው እገደዳለሁ።

ታዲያ ከቤት የማትወጣ ድመት ይህን ሁሉ ለምን ትሸከም? ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱ ግን እንደ ክትባቱ ይለያያል። የፓንሊውኮፔኒያ ቫይረስ ክፍል ውስጥ እስከ አንድ ዓመት ሳይሞት ይቆያል፤ በጫማ ሶል ተጣብቆ ይገባል። ድመቷ ባትወጣም እኛ እንወጣለን። ለዚህኛውና ለሁለቱ የጉንፋን ቫይረሶች የግልገልነት ክትባቷን በደንብ የጨረሰች፣ ቤት የምትውል ጎልማሳ ድመት በየዓመቱ መወጋት የለባትም። የዓለም የትናንሽ እንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ከሦስት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንዳይደገም ይላል። ሉኪሚያ ከድመት ወደ ድመት በቅርብ ንክኪ የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ለብቻዋ የምትኖር ጎልማሳ ድመት ያለ እሱ መኖር ትችላለች። ክትባት መቀነስ የሚፈልግ ሰው መጀመሪያ የሚነሳው እዚህ ጋ ነው።

የእብድ ውሻ በሽታው ሌላ ነገር ነው። ብዙ ሐበሻ በሚኖርባቸው በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ ለድመት ሕግ ያስገድዳል፤ አፓርታማ ውስጥ ትኖራለች ተብሎ አይቀርም። በሽታው በስሙ ውሻ ይባል እንጂ፣ አሜሪካ ውስጥ ከቤት እንስሳት በብዛት የሚገኘው ድመት ላይ ነው። የሌሊት ወፍ በመስኮት ትገባለች፤ ድመትም አመሏ ነውና ታሳድዳታለች። ያልተከተበች ሆና ከተነካካች ደግሞ ወይ ለወራት ተነጥላ ትቆያለች፣ ወይ ትገደላለች። ይህ ዕዳ ከመርፌው ይከብዳል።

አገር ቤት ስሌቱ ከዚህም ይቀላል። እዚያ ድመት የምትያዘው ለአይጥ ነው፤ ጣሪያ ለጣሪያ ስትዞር ነው የምታድረው፤ በሽታው ያለበት ውሻ ደግሞ መንደሩ ውስጥ አለ። ከ10,000 አንዷ ላይ ስለሚመጣ እብጠት መጨነቅ እዚያ ቅንጦት ነው።

አንድ ቀላል ነገር ልጨምር። ስትከተብ የመድኃኒቱ ስም፣ የጠርሙሱ ቁጥርና የተወጋችበት እግር ካርዷ ላይ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ከጠርሙሱ ላይ ተልጣ የምትለጠፍ ትንሽ ወረቀት አለች። ችግር ቢመጣ ሐኪሙ ለአምራቹ ወይም ለአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የሚያመለክተው በእሷ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ከተማ፣ ሌላ ሐኪም የኋላ ቀኝ እግሯን እየዳበሰ «እዚህ ምን ተወግታ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅም መልሱ ያለው እዚያችው ወረቀት ላይ ነው።