ሱዶሪፕሊኬሽን ምንድን ነው? (የናሙና ማነስ አይደለም)

«ናሙናው ትንሽ ስለሆነ ሱዶሪፕሊኬሽን አለበት።» ይህች ዓረፍተ ነገር በተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ኅዳግ ላይ ተጽፋ ባየኋት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ሰሞኑን ደግሞ አንድ ገምጋሚ እሷን ጽፎ አላበቃም፣ መፍትሔም አዘዘ፦ «ከየማሳው 60 ተክል ይጨመር።» በሽታውን ሳያውቅ የሚያብሰውን መድኃኒት ሰጠ።

ናሙና ሲያንስ ችግሩ ሌላ ነው፤ ስሙም ሌላ ነው። ሱዶሪፕሊኬሽን አንዱን ነገር ደጋግሞ ለክቶ ብዙ ነገር እንደለኩ መቁጠር ነው። ስሙን ያወጣው አሜሪካዊው ሥነ ምህዳር ተመራማሪ ስቱዋርት ኸርልበርት በ1984 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ 176 የሙከራ ጥናቶችን መርምሮ በ27 በመቶው ላይ አግኝቶታል። ስታቲስቲክስ የተጠቀሙት ብቻ ሲቆጠሩ ወደ 48 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ የእኛ ተማሪዎች ብቻ የሚሳሳቱት አይምሰላችሁ።

የደሴ እንጀራ ከደብረ ማርቆስ እንጀራ ይበልጥ ይኮመጥጣል ወይ ብለን እንጠይቅ። ደሴ አንድ ቤት ገብቼ ከአንድ ቡሃቃ ሊጥ የተጋገረ 30 እንጀራ ቀመስኩ፤ ደብረ ማርቆስም እንዲሁ። አሁን «60 ናሙና» ብዬ ልጻፍ? የቀመስኩት እኮ ሁለት ቡሃቃ ነው። የደሴዋ እመቤት እንግዳ ቆይቶባት ሊጡ አንድ ቀን ተጨማሪ አድሮ ሊሆን ይችላል፤ ያ ኮምጣጣነት የእሷ ቤት እንጂ የደሴ አይደለም። ገምጋሚያችን «ይጨመር» ሲል ከዚያው ሊጥ ሌላ 60 ጋግሪልኝ ማለቱ ነው። ምጣድ ቢቀያየርም ሊጡ ያው ነው። ሌላ ቤት ብሄድ እንኳ ባለቤቲቱ እርሾ የተዋሰችው ከዚያችው ጎረቤቷ ከሆነ ሁለቱ ቡሃቃዎች ሙሉ በሙሉ ሁለት አይደሉም። ይህን እርሾ ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አንዲት ተማሪ ከእኔ ጋር ሥራ ስትጀምር ዳታ ይዛ መጣች። ጥያቄዋ ግሩም ነው፦ የቆላው ማሽላ ከወይና ደጋው ቀድሞ ዛላ የሚያወጣው ዝናብ አጠርነት በተፈጥሮ ምርጫ እንዲህ አድርጎት ነው ወይ? ከሚሴ አጠገብ አንድ ማሳ፣ ከሐይቅ ከተማ በላይ አንድ ማሳ፣ ከእያንዳንዱ 120 ተክል፤ እያንዳንዷ አገዳ ላይ ቀይ ክር አስራ፣ ዛላ የወጣበትን ቀን መዝግባለች። ፒ ቫሉው (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመገኘት ዕድሉ) ከ0.001 በታች ነው። ኤክሴሉ ላይ «ማሳ» የሚል ዓምድ ጨምሪና በማሳ አማካይ አውጪ አልኳት። 240ው ረድፍ ሁለት ረድፍ ሆኖ ቀረ።

«መምህር፣ እንዲህማ ከሆነ ቲ-ቴስት አይሠራልኝም» አለች።

አይሠራም። ቲ-ቴስት የሁለት ቡድን አማካዮችን የሚያነጻጽረው በየቡድኑ ውስጥ ያለውን ልዩነት አይቶ ነው፤ በየቡድኑ አንድ ቁጥር ብቻ ካለ ልዩነት የለም። አንዱ ማሳ ቀድሞ ተዘርቶ ይሆናል፣ አንዱ ፍግ በልቷል፣ የከሚሴው ጥግ ላይ ደግሞ አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ሐምራዊ አበባ ፎቶዋ ላይ ሳይቀር ይታያል። ከእነዚህ ሁሉ ቆላነትን ነጥሎ የሚያወጣ ነገር ዳታው ውስጥ የለም። ተክል በጨመረች ቁጥር ፒ ቫሉው እያነሰ፣ እሷም ባልለካችው ነገር ይበልጥ እርግጠኛ እየሆነች ትሄዳለች። «ማሳን ራንደም ኢፌክት አድርጌ አር ውስጥ አስገባዋለሁ» የሚልም አይጠፋም፤ አር የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የማሳዎችን ልዩነት ለብቻው አስልቶ ይለይልኛል ማለቱ ነው። በየአየር ጠባዩ አንድ ማሳ ብቻ ካለ ማሳውና አየር ጠባዩ አንድ ዓይነት ነገር ናቸው፤ ሞዴሉ በምን ይለያቸው?

ዳታዋ ግን የሚጣል አይደለም። «እነዚህ ሁለት ማሳዎች ይለያያሉ» ብትል ልክ ናት። ጥፋቱ ያለው «ቆላ» እና «ወይና ደጋ» በሚሉት ቃላት ነው።

በሁለቱም በኩል ከ12 ማሳ አሥር አሥር ተክል ብትወስድ የተክሉ ቁጥር ያው 120 ነው። ድካሙ ግን ሌላ ነው፤ ባጃጅ፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ ከየገበሬው ጋር ቡና። ቡናው ላይ ደግሞ መጠየቅ ያለበት «ዘሩን ከየት አመጡት?» ነው። ሦስቱ ገበሬዎች ከባቲ ገበያ ከአንድ ነጋዴ ገዝተውት ከሆነ ያ የተዋሰችው እርሾ ነው። በነገራችን ላይ ይህም ቢሟላ ስለ ዝግመተ ለውጥ ለመናገር አይበቃም፤ ልዩነቱ ከዘሩ ይሁን ከቦታው ለመለየት ከየማሳው የመጣውን ዘር አንድ ቦታ ላይ አብሮ መዝራት ያስፈልጋል። እዚያም ከአንድ ዛላ የተወሰዱ 40 ችግኞች 40 ምስክር አይደሉም። ማሽላ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ስለሚያዳቅል የአንድ ዛላ ልጆች እጅግ ይመሳሰላሉ።

ብዙ ድግግሞሽ የማይጠይቅ ጥያቄም አለ። በ1973 እ.ኤ.አ. ሲንግ እና አክስቴል የተባሉ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከወሎ የተሰበሰቡ ሁለት ማሽላዎች ላይሲን የተባለው የፕሮቲን ክፍል እጅግ እንደሚበዛባቸው አሳተሙ። የእኛ ገበሬ «ወተት በጉንጬ» እና «ማር ጩቄ» እያለ እሸቱን ጠብሶ የሚበላቸው ማሽላዎች እንዲህ ያሉት ናቸው። «እንዲህ ያለ ማሽላ አለ» ለማለት ሁለት በቂ ነው፤ አንድም ይበቃ ነበር። «የወሎ ማሽላ ከሌላው አገር ማሽላ ላይሲን ይበልጣል» ለማለት ግን ገና ምንም አልተባለም።

የወሎዎቹን ሁለት ሐይቆች፣ ሎጎ ሐይቅንና አርዲቦን፣ ማወዳደር የምትፈልጉ ተማሪዎች «ታዲያ ሦስተኛ ሐይቅ ከየት እናምጣ?» ትሉኛላችሁ። አታመጡም። ሁለቱም ቢሆኑ የአርዲቦ ውሃ በወንዝ ወደ ሎጎ ሐይቅ ስለሚወርድ ፈጽሞ የተለያዩ አይደሉም። ከየሐይቁ 50 ጠርሙስ ውሃ ቅዱ፤ እያንዳንዱን ሐይቅ በደንብ ለማወቅ ይጠቅማል። ርዕሱ ላይ ግን የሁለቱን ሐይቆች ስም ጻፉ፣ «ከፍ ባለና ዝቅ ባለ ቦታ ያሉ ሐይቆች» የሚለውን ሰርዙት። ገምጋሚው ፒ ቫሉ የታለ ካላችሁ ወደ እኔ ላኩት።