የቤተሰብ ወረቀቶች ምንድን ናቸው?

በቤተ መዛግብት አሠራር «የቤተሰብ ወረቀቶች» የሚባሉት አንድ ቤተሰብ በኑሮው ውስጥ የጻፋቸው፣ የተቀበላቸውና ያስቀመጣቸው ጽሑፎች በአንድነት ሲገኙ ነው፤ ደብዳቤም፣ የዕዳ ውልም፣ የሱቅ ደረሰኝም ይጨምራሉ። ክብደታቸው የሚመነጨው አብዛኞቹ ለታሪክ ታስበው ሳይሆን ለዕለት ጉዳይ የተጻፉ በመሆናቸው ነው።

በአሜሪካ የጠረፍ ሰፋሪዎች ታሪክ የኦስቲን ቤተሰብ ወረቀቶች ጥሩ ምሳሌ ናቸው (ዘመኑ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው)። የእርሳስ ማዕድን ነጋዴው ሞዘስ ኦስቲን በ1798 በስፔን ግዛት ሥር ወደነበረችው ሚዙሪ ተሻገረ። በ1819 የገንዘብ ቀውስ ከከሰረ በኋላ 300 ቤተሰቦችን በቴክሳስ ለማስፈር ፈቃድ ጠየቀ፤ በጥር 1821 ተፈቀደለት፣ በሰኔ ግን ሞተ። ሚስቱ ማሪያ ከመሞቱ ሁለት ቀን ቀደም ብላ ለልጃቸው ለስቴፈን በጻፈችው ደብዳቤ የአባቱ የመጨረሻ ልመና የጀመረውን ሥራ እንዲፈጽምለት መሆኑን ነገረችው። ይህ ደብዳቤ ብቻውን ሲነበብ ልብ የሚነካ ኑዛዜ ነው፤ ከዕዳ ወረቀቶቹ ጎን ሲነበብ ግን ቤተሰቡን ወደ ቴክሳስ የገፋው ችግርም አብሮ ይታያል።

ስለዚህ ወረቀቶችን የሚረከብ ባለሙያ ከሌላ ቤተሰብ ወረቀት ጋር አይቀላቅላቸውም፤ ባለቤቱ የተወላቸውን ቅደም ተከተልም እስከተቻለ ድረስ አያፈርስም። በቤቱ የያዛቸው ዘመድም ፖስታውን ከደብዳቤው ባይለይ፣ የተቀደደውን በፕላስተር ባይለጥፍ፣ «ተራ ሒሳብ ነው» ብሎም ባይጥል ታላቅ ውለታ ይውላል። ስቴፈን ሳያገባና ልጅ ሳይወልድ በ1836 ስለሞተ ወረቀቶቹ የተረፉት በእኅቱ በኤሚሊ ልጆች እጅ ነው፤ በተለይ ልጇ ጋይ ብራያን ለረጅም ዓመታት ጠብቋቸዋል። በመጨረሻ ወደ ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የታሪክ ምሁሩ ዩጂን ባርከር በ1920ዎቹ አሳተማቸው።

ሆኖም እንዲህ ያለው ስብስብ የሚናገረው በቅድሚያ ስለጻፉት ሰዎች ነው። ሞዘስ ፈቃዱን ለመጠየቅ ቴክሳስ ውስጥ ወዳለችው ሳን አንቶኒዮ ከተማ ሲጓዝ ሪችመንድ የሚባል በባርነት የተያዘ ሰው አብሮት ነበር፤ ያንኑ አድካሚ መንገድ ቢጓዝም የምናውቀው ሌሎች ስለ እርሱ በጻፉት ጥቂት ቃል ብቻ ነው። በቤተሰቡ ዙሪያ በባርነት ይኖሩ የነበሩ ሌሎች ሰዎችን የሚፈልግ ተመራማሪም ከደብዳቤዎቹ ይልቅ ወደ ሒሳብ መዝገቦቹና ወደ ንብረት ዝርዝሮቹ መሄድ ግድ ይለዋል፤ ስማቸው የተመዘገበው ከዋጋቸው ጋር ነውና።